የደረቀ ቲማቲም በጠርሙስ ውስጥ መሻገቱን ያስቆምሁበት መንገድ

ከጓሮ ለቅሜ ያደረቅሁት ቲማቲም ወደ ጠርሙስ ሲገባ ፍጹም ደረቅ ይመስል ነበር፤ ከቀናት በኋላ ግን ጠርሙሱን ከውስጥ ያልበዋል፣ ቁራጮቹም እርስ በርስ ተጣብቀው ነጭ ሻጋታ ያወጣሉ። ጠርሙሶቹን በፈላ ውሃ መቀቀልም ሆነ ጨው መነስነስ አልጠቀመም። የማድረቂያውን ሙቀት መጨመር ደግሞ ነገሩን አባሰው፤ የቁራጩ ገጽ ቶሎ ይጠነክርና በዘሩ ዙሪያ ያለው ሥጋ በጣት ሲጫኑት እርጥበቱ ይታወቃል።

የሠራው እርጥበቱን ማመጣጠን ነው። ቲማቲሙን 6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት እንዲኖረው እኩል ቆርጬ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አደረቅሁት፤ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላም ጠርሙሱን እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ሞልቼ ከደንሁትና ከ7 እስከ 10 ቀን በየዕለቱ እየነቀነቅሁ ተመለከትሁት። በዚህ ጊዜ ይበልጥ የደረቀው ቁራጭ የእርጥቡን ትርፍ ይስባል፤ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ ከታየች ሁሉም ወደ ማድረቂያው ይመለሳል። ይህን ፈተና ያለፈው ቲማቲም ብርሃን በማይደርስበት ቀዝቃዛ ስፍራ ተቀምጦ ሳይበላሽ ቆይቷል። ሻጋታ የታየበትን ጠርሙስ ግን፣ እባካችሁ፣ የላዩን ብቻ አንስታችሁ አትጠቀሙበት፤ ሙሉ በሙሉ ይጣል።