የኤሌክትሪክ ብስክሌት ስትገዙ የዋት ቁጥር አያታልላችሁ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የኤሌክትሪክ ብስክሌቱን በአይሱዙ አስጭኖ ወደ ሐረር ከሚያወጣው ከደንገጎ አቀበት ድሬዳዋ ወዳለው ጥገና ቤቴ አመጣው። የኋላ ጎማው መሃል ያለውን ሞተር ስፈታው የመዳብ ጥቅሉ ከስሏል፤ የተቃጠለው ሽታ ቤቱን ሞላው። «ጋሼ፣ ሻጩ 1,000 ዋት ነው፣ ሐረር ድረስ ያወጣሃል ብሎኝ ነበር» አለኝ። በዚህ ዓመት በዚሁ ምክንያት የመጣልኝ አራተኛው ነው። ልጁ ገንዘቡን ያጠራቀመው በስንት ድካም እንደሆነ ስለማውቅ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ገዢዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ዋት ነው?» ብለው ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ትልቁን ቁጥር ይጠራላቸዋል። አንድ ሞተር ግን ሁለት ጉልበት አለው፤ ሳይግል ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው አንድ ነው፣ ለጥቂት ሴኮንድ የሚሰጠው ደግሞ ሌላ ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ሞተሩ ከባትሪው ቢበዛ ስንት እንደሚስብ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኮንትሮለሩ (ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን) ላይ የተጻፈውን አምፔር በባትሪው ቮልት አባዙት። 36 ቮልት በ15 አምፔር 540 ዋት ነው። 1,000 ተብሎ የተሸጠላችሁ ዕቃ ይህን ቁጥር ካሳየ ውሸቱን በገዛ እጃችሁ ያዛችሁት ማለት ነው።

የጉልበትና የፍጥነት ገደብ የሚባለውን ነገርም እንደ ስድብ አትቁጠሩት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ብስክሌት የሚባለው የሞተሩ የዘወትር ጉልበት ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስም ማገዙን የሚያቆም ነው። ዕቃው በብዛት የሚመጣባት ቻይናም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 400 ዋት፣ 48 ቮልትና 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብላ ወስናለች። አሜሪካ ሰፋ አድርጋ እስከ 750 ዋት ትፈቅዳለች። ስለዚህ 1,500 ዋት የተጻፈበትና የእጅ እጀታ በማዞር ብቻ የሚነዳ ዕቃ ፔዳል ስለተገጠመለት ብስክሌት አይሆንም፤ በሦስቱም ዘንድ በሞተር የሚነዳ ተሽከርካሪ ነው። እኛም ጋ ከመክፈላችሁ በፊት የዕቃውን መግለጫ ይዛችሁ ወደ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሂዱና ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቁ። ከገዙ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ገደቡን ማስነሳት ነው። በብዙ ኮንትሮለሮች ላይ ፍጥነቱን የሚይዝ ቀጭን ሽቦ አለ፤ እሱ ሲነቀል 25 ይሄድ የነበረው 40 ይሄዳል። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ለሁለት ሰዎች ነቅያለሁ። ገንዘቡ ትንሽ ነበር፣ ልጆቹም ለመኑኝ። አንደኛው ከዚራ ሰፈር አካባቢ ባጃጅ ድንገት ሲቆምበት ፍሬኑ አልያዘለትም፤ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ፍሬኑ ለ25 የተሠራ ነበር። ሹካው፣ ቸርኬው፣ የጎማው ሽቦዎች፣ ሁሉም ለ25 የተሠሩ ነበሩ። ሞተሩን ብቻ ያፈጠንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ሽቦ ነክቼ አላውቅም፤ የሚነካ ጠጋኝ ካያችሁም ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ደንገጎው ልጅ ልመለስ። ነዳጅ ባይኖረውም ሰው ሁሉ «ነዳጅ መስጫ» የሚለውን እጀታ እስከ መጨረሻው አዙሮ ፔዳሉን ሳይረግጥ ወጣ። ጎማው መሃል ያለ ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር የሚስበው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ሙቀት ይሆናል፤ አቀበት ላይ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ሒሳቡንም እንየው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ያህል ነው። ነጂውና ብስክሌቱ በድምሩ 100 ኪሎ ቢሆኑ ያንን 800 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት ብቻ 220 ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ሞተሩ የሚያባክነው ሲጨመርበት 300 ይጠጋል። 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ የሚይዘው 360 ዋት ሰዓት ነው። ለመንገዱ ርዝመት ምን ቀረ? እግር ካላገዘ ሐረር የለም። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ለሚመላለስ ሰው ግን ያው ባትሪ ይተርፈዋል።

ባትሪ ስትገዙ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። 48 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሚባል የሊቲየም ባትሪ ውስጡ ያሉት ሴሎች (ትንንሾቹ ባትሪዎች) ብቻ ከሦስት ኪሎ ተኩል በላይ ይመዝናሉ። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ቀርቦላችሁ 20 ነው ከተባላችሁ አትከራከሩ፤ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ቻርጀር መዋዋስ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። የ48 ቮልት ሊቲየም ባትሪ በአብዛኛው የሚሞላው እስከ 54.6 ቮልት ነው፤ የ48 ቮልት የእርሳስ ባትሪ ቻርጀር ግን 59 ድረስ ይገፋል። ሶኬታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ጎረቤት ለጎረቤት ይዋዋሳል። እባካችሁ፣ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ውስጥ ይህን አታድርጉ።

በግንቦት ሙቀት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ገና ከመንገድ የገባ ባትሪ አትሙሉ፤ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይብረድ። ከ45 ዲግሪ በላይ የሞቀ ሊቲየም ሲሞላ ዕድሜው ያጥራል። የደቻቱ ወንዝ ውኃ ሲኖርበት ጎማው መሃል ያለውን ሞተር እያጠመቁ መሻገርም ኩሽኔታውን ያስበላል።

መለዋወጫው የማይገኝ ዕቃ አትግዙ፤ ኮንትሮለሩ ለብቻው ተነቅሎ ሊቀየር የሚችል ይሁን።

ከመክፈላችሁ በፊት የኋላ ጎማውን ከመሬት አንሱት፣ «ነዳጅ መስጫውን» እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ጎማው በሙሉ ፍጥነት ሲዞር የፍሬኑን እጀታ ትንሽ ብቻ ሳቡት። ሞተሩ በዚያው ቅጽበት ኤሌክትሪኩ ሊቋረጥበት ይገባል። ፍሬኑ እየያዘ ሞተሩ ደግሞ እየገፋ ከታገላችሁ ሻጩ ምንም ቢምል ያንን ብስክሌት አትውሰዱ።