ጃፓን ውስጥ የየአካባቢውን ኑድል ከቤተሰብ ጋር እንዴት እንቅመስ?

መጀመሪያ መረቁን ጠይቁ። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የፉኩኦካው ሃካታ ራመን (ራመን በመረቅ የሚቀርብ የስንዴ ኑድል ነው) መረቁ የሚነጣው የአሳማ አጥንት ለሰዓታት ስለሚፈላበት ነው። የሳፖሮው ሚሶ ራመን (ሚሶ ከተብላላ አኩሪ አተር የሚሠራ ማጣፈጫ ነው) በቆሎና ቅቤ ተደርጎበት ሲቀርብ አያስጠረጥርም፤ መረቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ አጥንት አለበት። የኦኪናዋ ሶባ የሚባለው የስንዴ ኑድልም ያው ነው። ስለዚህ «ላዩ ላይ ያለውን ሥጋ አንሱልኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

እኔ ለቤተሰብ የምመርጠው ኡዶን የተባለውን የስንዴ ኑድል ነው። የካጋዋው ሳኑኪ ኡዶን ወፍራምና ሲያኝኩት ጠንከር የሚል ሲሆን፣ መረቁ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ፣ ከባሕር አረምና ከአኩሪ አተር ስጎ ይሠራል። የያማናሺው ሆቶ ደግሞ ሰፋፊ ኑድል ከዱባ ጋር በሚሶ የሚበስልበት ነው፤ ልጆች ይወዱታል። በጾማችሁ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ግን አትክልት ብቻ የሚመስለውም ሳህን መረቁ የዓሣ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።

ቀጥሎ ቤቱን ምረጡ። ብዙ ራመን ቤቶች ጠባብ ናቸው፤ ባንኮኒ ላይ ተደርድሮ መብላት ከሕፃን ጋር አይመችም። የተለያየ አካባቢ ራመን በአንድ ጣሪያ ሥር ለመቅመስ እ.ኤ.አ. በ1994 የተከፈተው የሺን-ዮኮሃማ ራመን ሙዚየም ይሻላል፤ ትንንሽ ሳህን ስለሚሸጡ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ መቅመስ ይቻላል። በር ላይ የትኬት ማሽን ካያችሁ ገንዘብ አስገብታችሁ ትመርጡና ትኬቱን ለሠራተኛው ትሰጣላችሁ። አንዱን ሳህን ለሦስት ከመካፈላችሁ በፊት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ በየሰው አንድ ሳህን የሚሉ አሉ።

መደበኛው ሶባ፣ እንደ ኦኪናዋው ሳይሆን፣ የሚሠራው ባክዊት ከሚባል እህል ሲሆን አለርጂው ከባድ ሊሆን ይችላል። ኡዶንና ሶባን በአንድ ውሃ የሚቀቅሉ ቤቶች ስላሉ፣ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ኡዶን አዝዣለሁ ብላችሁ አትዘናጉ።

ሲቀርብ ቶሎ ብሉ፤ የሃካታ ቀጭን ኑድል መረቅ ውስጥ ከቆየ ይልማል። በድምፅ መማግ ነውር አይደለም። ኑድሉ አልቆ ካልጠገባችሁ «ካኤዳማ» በሉ፣ ኑድል ብቻ ይጨመርላችኋል፤ መረቁን ግን አስቀድማችሁ አትጨርሱት።

ለጎረምሶች የሞሪዮካ ዋንኮ ሶባ አለ። አስተናጋጇ እንደ እኛ አገር እናት «በሞቴ» የምትል ይመስል፣ ሳህኑን በክዳኑ እስክትከድኑ ድረስ አንድ ጉርሻ የምታህል ሶባ ትጨምራለች። ወደ 15 የሚሆኑት ትንንሽ ሳህኖች ከአንድ መደበኛ ሳህን ጋር እኩል ናቸውና፣ ቁርስ ቀለል ብሎ መሄድ ነው።