ኤሊዋ ከዳሽቦርዱ ጠፋች

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲስ አበባ ስመለስ የእንጦጦን ዳገት መውጣት ግድ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናዬ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የኤሊ ምልክት (ጉልበት መቀነሷን የሚያሳየውን) እያበራች ትለግም ነበር። ከኋላ የገልባጩ ጥሩንባ... ተዉት።

ጋራዥ ወሰድኳት፤ «ባትሪው ሞቷል» ተባልኩ። ዋጋውን ስሰማ እኔም ልሞት ነበር። ግን ሜዳ ላይ ትበራለች፤ ቆማ ከበረደችም ዳገቱን ትወጣለች። ይሄ የሙቀት ጠባይ ነው። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ክፍል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ጉልበት ይቀንሳል። ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ራዲያተሩ ቶሎ አያቀዘቅዝም።

ጠዋት በብርዱ ኮፈኑን ከፈትኩ። ኩላንቱ (ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) ከዝቅተኛው መስመር በታች ወርዷል። ጆሮዬን ሳስጠጋ ፓምፑ እንደ ጀበና ይንተከተካል። አየር! በቀደም ራዲያተሩ ሲጠገን አየሩ በደንብ አልወጣም ነበር። አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙሬ አቆምኳት፤ ክዳኑን ከፍቼ ፓምፑን አስነሳሁ፤ አረፋው እስኪያልቅ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። የቧንቧ ውሃ ግን እንዳትጨምሩ፤ መመሪያው ያዘዘውን ኩላንት ብቻ።

እግረ መንገዴን የካምቢዮውን ዘይትም ቀየርኩ። «ኤሌክትሪክ መኪና ዘይት የለውም» የሚሉትን አትስሙ፤ የሌለው የሞተር ዘይት ነው። ማግኔት ያለው ቡሎን ላይ እንደ ኩል የላመ ብናኝ ነበር። ስባሪ ብረት የለም፤ ተመስገን። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሜ፣ ከመሙያው ቀዳዳ ጠብ እስኪል ሞላሁ። ከልክ ካለፈ ጥርሶቹ ዘይቱን እየናጡ ሌላ ሙቀት ያመጣሉ።

ትናንት ማታ እንጦጦን በአንድ ትንፋሽ ወጣናት።