ዓባይ በረሃን በኤሌክትሪክ መኪና ለምትወርዱ

ደጀን አድራችሁ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የምትነዱ ከሆነ፣ ባትሪውን 100 በመቶ አትሙሉት። 85 ወይም 90 ላይ ንቀሉት።

ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እግራችሁን ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ጀነሬተር ይሆንና መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው ጢም ካለ ግን የሚገባው ኃይል ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ ፍሬኑም ይግላል። እኔ አንዴ ሞልቼ ወርጄ፣ ድልድዩ ጋ ስደርስ የፍሬን ሸራው ሽታ ምሳዬን አስጠልቶኛል።

ታች ያገኛችሁት አያኩራራችሁ፤ የጎሃ ጽዮን ዳገት ከነወለዱ ይቀበላችኋል። ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ አሮጌ የናፍጣ ጭነት መኪና ከፊት ከገጠማችሁ (መቼም አይጠፋም) መስኮት ዝጉ፣ የውጭ አየር ማስገቢያውንም እንዲሁ። ያ ጥቁሩ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ደቃቁ ጥላሸት ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ይገባል። የእኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ፣ መኪናችሁ የዚያ ጭስ ዕዳ የለባትም።

ገና ልትገዙ ከሆነ፣ ይህ እግር ሲነሳ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ከፍና ዝቅ የሚደረግ መሆኑን ሻጩን ጠይቁ። ለጎጃም ሰው ከስክሪኑ ስፋት ይበልጣል።