«ሥጋ አይደለም፣ ሃሞን ነው»፦ ቅዳሜና እሁድ ከስፔን ቤተሰብ ጋር

ሳላማንካ የገባሁት መስከረም ላይ ነው፤ አንድ ሴሚስተር ለመማር። ማረፊያዬ አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ስድሳን የተሻገሩ ባልና ሚስት ቤት ሆነ። ልጆቻቸው አድገው ማድሪድ ይኖራሉ። እኔ የደረሰኝ የታናሿ ክፍል ነው፣ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው የዘፋኝ ፎቶ ሳይቀር።

ከሰኞ እስከ አርብ ያለው ቀላል ነው። ክፍል አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ማታ ገብቶ በልቶ መተኛት ነው። ሰው የሚፈተነው ቅዳሜና እሁድ ነው። ሁሉም ቤት ይውላል፣ ገበታው ይረዝማል፣ የምትደበቁበት ክፍል የለም። ለሚቀጥለው ሰው እንዲቀለው፣ እኔ ተሳስቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ውላችሁን አንብቡ። «ፔንሲዮን ኮምፕሌታ» ከሚል ቁርስ፣ ምሳና እራት አለ። «ሜዲያ ፔንሲዮን» ከሆነ ብዙ ጊዜ ቁርስና እራት ብቻ ነው። ቅዳሜና እሁድንም ይጨምር እንደሆነ በግልጽ ጠይቁ፤ እሁድ አብዛኛው ሱፐርማርኬት ዝግ ነውና። አይጨምርም ከተባለ ቅዳሜ ሳይዘጋ ዳቦና ሙዝ ግዙ።

ሻንጣችሁ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና ጥሬ ቡና ክተቱ። ንጥር ቅቤውን ግን ለእናታችሁ ተዉላቸው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም። እናቴ «በጋዜጣ ጠቅልዬው ማን ያየዋል» ብላ ነበር። ጋዜጣ ሽታ አይከለክልም፣ እማዬ።

አሁን ስለ አንቱታ። ስፔንኛም አንቱ አለው፣ «ኡስቴድ» ይሉታል። እኔም ጨዋ ልጅ ነኝና የመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋን ኡስቴድ አልኳቸው። «ኡስቴድ ስትይኝ መቶ ዓመት የሞላኝ ይመስለኛል፣ ቱ በይኝ» አሉ። «ቱ» አንቺ ማለት ነው። አፌ እምቢ አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስማቸውንም ተውላጠ ስሙንም ሳልጠራ፣ ግሱን እየዋጥኩ ተናገርኩ። እንደኔ አትሁኑ፣ ቱ በሉ። በአማርኛ ግን ዛሬም እሳቸው ነው የምላቸው፣ ይኸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ቤቱ ውስጥ ድምፅ አታሰሙ። ሰው ተኝቷል። ስትነሱ በባዶ እግር አትውጡ። ይህን አጋንኜ አይደለም የምነግራችሁ፤ ሴትዮዋ ሰላም ከማለታቸው በፊት እግሬን ነው ያዩት። ብርድ ይገባሻል፣ ትታመሚያለሽ፣ ነጠላ ጫማሽ የት አለ። ለቤት ውስጥ የሚሆን ሙቅ ጫማ በመጀመሪያው ሳምንት ግዙ። ቁርሱ ግን ግሩም ነው፦ የተጠበሰ ዳቦ፣ ላዩ ላይ የተፈጨ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት፣ ጨው ጣል ጣል። ለጾመኛ ከዚህ የተሻለ ቁርስ አላውቅም።

ትልቁ ነገር ምሳ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይቀርባል። የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ላይ ሩዝ በዶሮ ተሠርቶ ነበር። አንድ ሰሃን በላሁ። ሴትዮዋ ጭልፋውን ይዘው «ልጨምርልሽ?» አሉ። እኔም እንደለመድኩት «ኖ፣ ግራሲያስ» አልኩ። ያው እኛ አገር የመጀመሪያው «በቃኝ» ጨዋታ ነው። «በሞቴ» ይመጣል፣ ትግደረደራላችሁ፣ «አፈር ስሆን» ይከተላል፣ ከዚያ ትበላላችሁ። እዚያ ቤት ግን «በሞቴ» አልመጣም። ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ድስቱን ከደኑ፣ ሰሃኔን አነሱ። እራት የሚበላው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ያንን ድስት ሳስበው ዋልኩ። ስለዚህ ከፈለጋችሁ «ሲ» በሉ። አንዴ። «በቃኝ» ስትሉ ያምኗችኋል።

ከዚህ የባሰው የጾምና የአሳማ ጉዳይ ነው። ሳላማንካ የሃሞን አገር ናት። ሃሞን በጨው ደርቆ ወራት የሚንጠለጠል የአሳማ እግር ነው፤ ታዋቂዋ ጊኹዌሎ ከተማም እዚያው አውራጃ ውስጥ ነው ያለችው። ቀድሜ «ሥጋ አልበላም፣ ጾም ነው» ብዬ ነበር። ምስር መጣልኝ። ደስ አለኝ። ማንኪያዬ ላይ ግን ቀይ ቁርጥራጭ ነገር አየሁ። ጠየቅኩ። ሴትዮዋ በሙሉ ቅንነት «ኖ ኤስ ካርኔ፣ ኤስ ሃሞን» አሉኝ፤ ሥጋ አይደለም፣ ሃሞን ነው። ሰውዬው በሳቅ ሊታነቁ ደረሱ። ኋላ ስሰማ አገሬው ራሱ የሚቀልድበት ነገር ነው። ለካ እዚያ «ሥጋ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ትልቅ የተጠበሰ ቁራጭ ነው። ሃሞን ቅመም ነው፣ ቱና ሰላጣ ነው፣ የአጥንት መረቅ ውሃ ነው።

መፍትሔው በቃል አለማስረዳት ነው። ጻፉት። እኔ በስፔንኛ አንድ ወረቀት ላይ ዘረዘርኩ፦ ሥጋ የለም፣ ሃሞን የለም፣ ዶሮ የለም፣ ቱና የለም፣ እንቁላል የለም፣ ወተት፣ አይብና ቅቤ የለም፣ የአጥንት መረቅም የለም። ከሥር ደግሞ የምበላውን ጻፍኩ፤ ይህ እንዳይረሳ፣ አለበለዚያ ሴትዮዋ ይደነግጣሉ። ሽምብራ በስፒናች፣ ምስር፣ ድንች፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ ሩዝ፣ ዳቦ። እነሱም ዐቢይ ጾማቸው ላይ የሚሠሩት የሽምብራና የስፒናች ወጥ አላቸው። ደረቅ ዓሣ ይጨምሩበታል እንጂ የኛው ዘመድ ነው። «ዓሣው ቀርቶ» ስል ወዲያው ገባቸው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ድስቱ ዝግጁ ነበር።

ምሳ አለቀ ብላችሁ እንዳትነሡ። ከምግብ በኋላ ቁጭ ብሎ መጫወቱ ራሱ ስም አለው፣ «ሶብሬሜሳ»። ቡና ይመጣል፣ ብርቱካን ይላጣል፣ ፖለቲካ ይነሣል፣ የጎረቤት ሐሜት ይከተላል። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት። ቋንቋውን የተማርኩት ክፍል ውስጥ ሳይሆን እዚያ ፍርፋሪ የሞላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ባይገባችሁም ቁጭ በሉ። ሰሃን ለማንሣት አትቸኩሉ፤ ሲነሡ አብራችሁ ተነሡና አንሡ።

ከዚያ ሲዬስታ ነው፣ የቀን እንቅልፍ። ሁሉም አይተኛም፣ ዝምታው ግን ለሁሉም ነው። የኔ እናት የምትደውለው ልክ ያን ሰዓት ነው፣ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ስልክ ላይ ይጮኻል። የጆሮ ማዳመጫ ያዙ፣ ወይም ውጡ።

ማታ ከጓደኛ ጋር ስትቀጣጠሩ «ከሰዓቱ ሥር» ትባላላችሁ። ዋናው አደባባይ፣ ፕላሳ ማዮር ያለው ትልቅ ሰዓት ነው፣ ከተማው በሙሉ የሚገናኘው እዚያ ነው። ለእራት የማትመለሱ ከሆነ በጠዋት ተናገሩ። ዘግይታችሁ ስትገቡ ደግሞ ቁልፋችሁን ከውስጥ በር ላይ ሰክታችሁ አትተዉ። እኔ ትቼ ተኛሁ። ሰውዬው ኳስ አይተው ሲመለሱ የእሳቸው ቁልፍ አልገባ አለ። ግማሽ ሰዓት ደረጃ ላይ ቆመው ደወሉ። በማግስቱ አልተቆጡም፤ ቁልፌን ከፍ አድርገው አሳዩኝና ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ።

እሁድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የከተማ እሁድ ነው፦ ዘንጣችሁ ቀስ ብሎ መንሸራሸር። የካቴድራሉን በር ያሳዩዋችኋል፤ በፈረንጆቹ 1992 እድሳት ላይ የተቀረጸ ጠፈርተኛ አለበት። አይታችሁት ቢሆን እንኳ ተገረሙ። በ1218 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ የፊት ግድግዳ ላይ ደግሞ የራስ ቅል ላይ የተቀመጠች እንቁራሪት አለች። ማንም ሳይረዳው ያገኛት ተማሪ ፈተና ያልፋል ይባላል። ችግሩ፣ ሴትዮዋ ገና ከሩቅ በጣታቸው ያሳዩዋችኋል።

ሌላው የገጠር እሁድ ነው። «ፑዌብሎ እንሂድ» (መንደራቸው ማለት ነው) ካሉ እሺ በሉ፣ የቤት ሥራ ቢኖርም። የሴትዮዋ እናት ያሉት ላ አልቤርካ አካባቢ፣ ተራራ ላይ ነው። ላ አልቤርካ መንገድ ላይ አንገቱ ላይ ቃጭል ያሠረ አሳማ ብቻውን ሲንጎራደድ አየሁና ወደ ኋላ ሸሸሁ። የመንደሩ ሁሉ አሳማ ነው። ሰኔ 13 በነሱ አቆጣጠር ይባረክና ይለቀቃል፣ ሁሉም ያበላዋል፣ ጥር 17 በቅዱስ አንቶንዮስ ቀን ዕጣ ይወጣበታል።

አያትየው ቤት ክብ ጠረጴዛ አለ፣ ወፍራም ጨርቅ እስከ መሬት የለበሰ። ከሥሩ ማሞቂያ አለ። ጨርቁን ጉልበታችሁ ላይ ሳቡ፣ እግራችሁን ግን ወደ መሐል አትዘርጉ፤ የኔ ካልሲ ሸተተ። ጠዋት ቅዳሴያቸው አብሬ ሄጄ ነበርና ነጠላዬን እንደለበስኩ ነኝ። አያትየው ጥለቱን በሁለት ጣታቸው ያዙና ቆዩ። በልጅነታቸው እነሱም ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ቤተ ክርስቲያን አይገቡም ነበር። ከዚያ ነጠላውን ራሴ ላይ መልሰው አስተካከሉልኝ፣ ልክ እንደ እናቴ፣ ትንሽ ጠበቅ አድርገው።

ቡና አፍሉላቸው። ግን ቡናውን የት እንደምትቆሉ አስቡ። የኛ ወጥ ቤት መስኮት የሚከፈተው ፎቁ መሐል ወዳለው የብርሃን ጉድጓድ ነው፣ ሁሉም ልብሱን የሚያሰጣበት። እኔ መስኮቱን ከፍቼ በመጥበሻ ቆላሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ላይ ያሉት ሴትዮ ነጭ አንሶላ ነበራቸው። ጩኸቱን ስፔንኛ ባልችልም ተረዳሁት። ወርደው በሩን ሲያንኳኩ አንሶላውን እንደያዙ ነበሩ። ሴትዮዋ ወንበር ሳቡላቸው፣ እኔ ስኒ ሰጠሁ። አቦሉ ላይ ወተት ጠየቁ። ሰጠኋቸው፣ ምን አደርጋለሁ። ቶናውን ጠጥተው ሄዱ፤ በረካው ላይ አልተቀመጡም። እናንተ ወደ መንገድ በሚወጣው መስኮት ቁሉ።

እሁድ ማታ ሁሉም ዝም ይላል፣ ቴሌቪዥን ብቻ ይሰማል። የሳምንቱን ፕሮግራማችሁን የምትነግሩት ያኔ ነው፦ የትኛው ቀን ምሳ እንደማትመጡ፣ የሚታጠበውን ልብስ የት እንዳስቀመጣችሁ። የኔ የጾም ወረቀት አሁንም ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ሴትዮዋ ከሥሩ በእስኪርብቶ አንድ መስመር ጨምረውበታል፦ «ሃሞንም ሥጋ ነው»።