ለክረምት እረፍት ወደ ዛንዚባር ሲጓዙ ማረፊያ እንዴት ይመረጣል?

በኢትዮጵያ ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ዛንዚባር ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘልቀውን ዋነኛ የዝናብ ወቅቷን ጨርሳ ደረቅና ለዘብ ያለ አየር ታገኛለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ወደ ደሴቲቱ ስለሚበር፣ ሐምሌንና ነሐሴን ከዝናቡ ርቆ በባሕር ዳር ለማሳለፍ ለሚያስብ ቤተሰብ፣ እንዲሁም ለጫጉላ ለሚወጡ ሙሽሮች ቅርብና አመቺ መዳረሻ ናት። ጉዞው ከተወሰነ በኋላ ግን ብዙዎች በቀጥታ የሆቴል ፎቶግራፎችን ወደ ማገላበጥና ዋጋ ወደ ማወዳደር ይሄዳሉ። በዛንዚባር ይህ አካሄድ ያሳስታል። መጀመሪያ መመረጥ ያለበት የባሕሩ ዳርቻ ነው፤ ሆቴሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህ ጽሑፍ ምርጫውን በዚያ ቅደም ተከተል ለማካሄድ ይረዳል።

1. ከሆቴሉ በፊት ባሕሩን ይወቁ

ባሕር በሌለበት አገር ያደግን ሰዎች ሰፊ ውኃ የምናውቀው በሐይቅ ነው፤ የሐዋሳም ሆነ የላንጋኖ ውኃ ጠዋት ባየነው ቦታ ማታም ይጠብቀናል። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ገደማ አለ፤ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እጅግ ይሰፋል፤ በዛንዚባር ዙሪያ ወደ 4 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንባቸው ቀናት ደግሞ ልዩነቱ ይጠብባል።

የዚህ ሁሉ ውጤት ጎልቶ የሚታየው በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። እዚያ የባሕሩ ወለል ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ደግሞ የኮራል አለት እንደ አጥር ይከበዋል። ስለዚህ ውኃው ሲጎድል በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር፣ አንዳንድ ቦታም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሸሻል። ለዋና የወጣ ሰው የሚያገኘው እርጥብ አሸዋ፣ ትንንሽ ኩሬና የባሕር ሣር ይሆናል። በሆቴሎቹ ማስታወቂያ ላይ የምናየው ደማቅ ሰማያዊ ውኃ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ፎቶግራፉ የሚነሳው ባሕሩ ሲሞላ ነው። በሰሜን ጫፍ ባሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ወለሉ ቶሎ ስለሚጠልቅ ውኃው ብዙም አይርቅም፤ በአብዛኛው የቀኑ ክፍል መዋኘት ይቻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር የጉዞውን ቀናት በወረቀት ላይ አስቀምጦ የዛንዚባርን የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ መመልከት ነው። ሰንጠረዡ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። በቆይታዎ ቀናት ውኃው የሚሞላው ማለዳና አመሻሽ ላይ ከሆነና እርስዎ ደግሞ ከልጆች ጋር እኩለ ቀን ላይ መዋኘት የሚፈልጉ ከሆነ፣ ምሥራቁን ትተው ሰሜኑን መያዝ ይሻላል። የሚፈልጉት በአሸዋው ላይ ረጅም የእግር ጉዞ፣ ጸጥታና ንባብ ከሆነ የባሕሩ መሸሽ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የምሥራቁ ዳርቻ ትልቁ ውበት ያን ጊዜ ይገለጣል።

2. ከዳርቻዎቹ መካከል የሚስማማዎትን ይለዩ

በተለምዶ ዛንዚባር የምንላት ዋናዋ ደሴት፣ በይፋ ስሟ ኡንጉጃ፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች። በካርታ ላይ ትንሽ ብትመስልም ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ሰሜኑ ጫፍ ወይም እስከ ደቡብ ምሥራቁ ዳርቻ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ጋ አርፎ ሌላው ጋ በየቀኑ ለመዋኘት ማሰብ አያዋጣም።

ኑንግዊ የዓሣ አጥማጆችና የባሕላዊ የእንጨት ጀልባ ሠሪዎች መንደር ስትሆን፣ ዛሬ ከደሴቲቱ ዳርቻዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚበዛባት፣ ምግብ ቤትና የምሽት ሙዚቃ የማይጠፋባት ናት። በስተደቡብ የምትገኘው ኬንድዋ ወደ ምዕራብ የዞረች፣ ሰፋ ያለ አሸዋና ረጋ ያለ ውኃ ያላት ስለሆነች፣ ዋና ገና የሚለማመዱ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እኔ አስቀድሜ የምመክረው እርሷን ነው። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስትጠልቅ ከዚያው ሆኖ ማየትም ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በስማቸው ላይ ኑንግዊ የሚል የተጻፈባቸው ሆቴሎች ሁሉ በምዕራቡ በኩል አይደሉም። በምሥራቅ በኩል ያሉት ውኃው የሚሸሽበትን ዳርቻ የሚጋሩ በመሆናቸው፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሆቴሉ የቆመበትን ጎን በጉግል ማፕ የሳተላይት ምስል ያረጋግጡ።

በሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ማተምዌ ጸጥ ያለች ናት። ከፊት ለፊቷ ያለችው የምኔምባ ደሴት በኮራልና በዓሣ ብዛት የታወቀች ስለሆነች፣ በመነጽርና በአየር መሳቢያ ቱቦ የባሕር ሥር ማየት የሚፈልጉ ሰዎች ከዚህ ቢያርፉ የጀልባው ጉዞ ያጥርላቸዋል። ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ የሚገኘው የኪዌንግዋ አካባቢ ደግሞ ምግብና መጠጥ በአንድ ዋጋ የሚጠቃለልባቸው ትልልቅ ሪዞርቶች የተደረደሩበት ነው። ከግቢ ሳይወጣ ማረፍ ለሚፈልግ ይመቻል፤ የአገሩን ሰው ኑሮ ማየት ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

በደቡብ ምሥራቅ ያሉት ፓጄና ጃምቢያኒ ሌላ ዓለም ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው፣ የአገሩ ሰዎች ኩሲ የሚሉት ነፋስ፣ በሰፊው ጥልቀት የለሽ ውኃ ላይ በቀጥታ ስለሚያልፍ፣ ፓጄ በትልቅ የነፋስ ሸራ እየተሳቡ በውኃ ላይ የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች መናኸሪያ ሆናለች። ስፖርቱን ለሚወዱ ወጣቶች ክረምቱ ትክክለኛው ጊዜ ነው። ጸጥ ባለ ነፋስ በጥላ ሥር መተኛት የፈለገ ሰው ግን በዚሁ ወቅት በምሥራቁ ዳርቻ ሁሉ ነፋሱ እንደሚያስቸግረው፣ ወደ ምዕራብ የዞረችው ኬንድዋ ግን ከነፋሱ የተከለለች መሆኗን ማወቅ አለበት። ጃምቢያኒ ከፓጄ ቀጥላ በዳርቻው ላይ ረዝማ የተዘረጋች መንደር ናት፤ ብዙዎቹ ማረፊያዎቿ አነስተኛ ሲሆኑ ዋጋቸውም በአመዛኙ ከሰሜኑ ይቀንሳል። ባሕሩ ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች በእንጨት ችካልና በገመድ ያሰሩትን የባሕር ተክል ለመንከባከብና ለመሰብሰብ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ይህ የእርሻ ሥራ በደሴቲቱ ላይ በስፋት የተጀመረው በ1980ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን ለብዙ ሴቶች የራሳቸውን ገቢ አስገኝቷል። በአጠገባቸው ሲያልፉ ገመዱን አለመርገጥ፣ ሳያስፈቅዱም ፎቶ አለማንሳት ይገባል። በዚህ ዳርቻ ባሕሩ ውስጥ ሲራመዱ እግርን የሚወጉ እሾሃማ ፍጡራን ስላሉ ለመላው ቤተሰብ የውኃ ጫማ መያዝ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

3. ስቶን ታውን ስንት ሌሊት እንደሚያድሩ ይወስኑ

አሮጌዋ ከተማ ስቶን ታውን ከ2000 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ናት። የተቀረጹት የእንጨት በሮቿ፣ በቀድሞው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የተሠራው የአንግሊካን ካቴድራልና ማታ ማታ በፎሮድሃኒ የአትክልት ስፍራ የሚዘረጋው የምግብ ገበያ በጥድፊያ የሚታዩ አይደሉም። ነገር ግን የወደብ ከተማ እንጂ መዋኛ ስላልሆነች ሙሉ እረፍቱን እዚያ ማሳለፍ አይመከርም። ሳምንት ለሚቆይ ሰው ሁለት ሌሊት በከተማዋ፣ ቀሪውን በአንድ ዳርቻ ማድረግ ሚዛናዊ ይመስለኛል። ዳርቻ ከዳርቻ እየቀያየሩ ሦስትና አራት ቦታ ማደር የእረፍቱን ጊዜ በሻንጣ ማሰርና በታክሲ ይጨርሰዋል። አውሮፕላን ማረፊያው ለከተማዋ ቅርብ ስለሆነ፣ በረራዎ ማለዳ ከሆነ የከተማዋን ሌሊቶች ወደ መጨረሻው ይውሰዷቸው።

የስቶን ታውን ሆቴሎች ብዙዎቹ የታደሱ አሮጌ ቤቶች በመሆናቸው ደረጃቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ሊፍትም የላቸውም። አረጋውያን አብረው የሚጓዙ ከሆነ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ላይ ክፍል ይጠይቁ። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች መኪና ስለማይገባ ሻንጣውን ከመንገድ የሚቀበል ሰው ይኖር እንደሆነም ይጠይቁ። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ከዳርቻው ውጪ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ ይገባል። በከተማዋ የአልኮል መጠጥ የማይሸጥባቸው ማረፊያዎችም አሉ።

4. ቤቱን ራሱን ይመርምሩ

ዳርቻው ከተመረጠ በኋላ ሆቴል መለየት ቀላል ይሆናል። የእንግዶችን አስተያየት ሲያነቡ አማካይ ነጥቡን ትተው፣ እርስዎ በሚሄዱበት ወር የሄዱ ሰዎች በቅርብ የጻፉትን ያንብቡ። ስለ ነፋስ፣ ስለ ባሕር ሣር፣ ስለ መብራት መቋረጥና ስለ ሌሊት ሙዚቃ የሚነግሩዎት እነርሱ ናቸው። ከዚያ በጽሑፍ ሆቴሉን ይጠይቁ። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር አለ ወይ? የወባ ትንኝ መከላከያ አጎበር በእያንዳንዱ አልጋ ላይ ተሰቅሏል ወይ? ክፍሉ ከባሕሩ ምን ያህል ይርቃል፤ በመካከሉስ መንገድ አለ ወይ? የዋና ገንዳ መኖሩንም ያረጋግጡ፤ በምሥራቁ ዳርቻ ለሚያርፍ ባለ ልጆች ቤተሰብ ባሕሩ በሚሸሽበት ሰዓት የሚተርፈው ገንዳው ነው።

የምግብ ጉዳይ ለእኛ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል በነሐሴ መጀመሪያ የሚጓዝ ጾመኛ ሙሉ ምግብ የሚያጠቃልል ዋጋ ቢከፍል፣ ከማይበላው ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጋር ገንዘቡን ያባክናል። ቁርስ ብቻ የሚያካትተውን ይዞ ቀሪውን በመንደሩ ምግብ ቤቶች መብላት የተሻለ ነው። በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ካሳቫ፣ ሙዝና ፍራፍሬ በደሴቲቱ የዘወትር ምግብ ስለሆነ ጾመኛ አይቸገርም። በአንጻሩ ከመንደር ርቀው ብቻቸውን በቆሙ ሪዞርቶች የሚያርፍ ሰው ሌላ አማራጭ ስለማይኖረው፣ የጾም ምግብ እንደሚያዘጋጁለት ቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

5. ሙሉውን ወጪ ይደምሩ፣ ከዚያ ይያዙ

ሐምሌና ነሐሴ የአውሮፓውያንም የእረፍት ወራት ስለሆኑ ዋጋው ይጨምራል፤ ጥሩዎቹ ማረፊያዎችም ቀድመው ይያዛሉ። የሚወዳደረው የአንድ ሌሊት ዋጋ ሳይሆን ድምሩ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዳርቻው የታክሲ ዋጋ፣ በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ የሚታሰብ የመንግሥት ክፍያ ካለ፣ እንዲሁም ከጥቅምት 2024 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ከውጭ የሚገባ አዋቂ ጎብኚ የሚከፍለው የ44 ዶላር የጉዞ መድን በሒሳቡ ውስጥ ይግቡ። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ መንገደኛ በእጁ ያለው የውጭ ምንዛሪ የተወሰነ ስለሆነ፣ ክፍያው ቀድሞ በካርድ ይሁን ወይስ በቦታው በጥሬ ገንዘብ፣ ጉዞው ቢሰረዝስ እስከ መቼ ድረስ ያለ ቅጣት እንደሚመለስ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰነዶቹ ገና ያላለቁለት ሰው፣ ጥቂት ዋጋ ቢጨምርም፣ መሰረዝ የሚፈቅደውን ይያዝ።

በመጨረሻ የሚቀረው የመቀበያ መኪናውን ማስተካከል ነው። የበረራ ቁጥሩን፣ የሚደርሱበትን ሰዓትና የተስማሙበትን ዋጋ በጽሑፍ ይላኩ። በዛንዚባር ሰዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ ሆቴሎች ግን ከውጭ እንግዳ ጋር ሲነጋገሩ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይጠቀማሉ። ስለዚህ ከሾፌሩ ጋር በስልክ ሲስማሙ የትኛውን አቆጣጠር እንደተናገሩ፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑንም ጨምረው ያረጋግጡ።