በላብቪው ፓነል ላይ የሚንቀሳቀስ የፍሰት ምስልን ማፍጠን

በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍን ፈሳሽ በስክሪን ላይ በእንቅስቃሴ ማሳየት ለኦፕሬተሩ ትልቅ እርዳታ ነው፤ የትኛው ቫልቭ እንደተከፈተና ፈሳሹ ወዴት እንደሚያመራ ቁጥር ሳያነብ ይረዳል። ይሁን እንጂ በላብቪው (ፕሮግራምን በሽቦ በተያያዙ ምስሎች የሚሠሩበት ቋንቋ) የተሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች እንዲህ ያሉ ቧንቧዎች ሲበዙባቸው መንቀራፈፍ ይጀምራሉ፤ አዝራር ተጭኖ ምላሹ ይዘገያል፣ ግራፉም ይቆራረጣል። የዚህ መንስኤ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒውተሩ አቅም ማነስ ሳይሆን ፕሮግራሙ ስዕሉ እንዲታደስ የሚያዝበት መንገድ ነው።

ማንኛውንም ነገር ከመቀየርዎ በፊት ጊዜው የት እንደሚባክን ይለኩ። በቱልስ ሜኑ፣ ፕሮፋይል በሚለው ሥር፣ ፐርፎርማንስ ኤንድ ሜሞሪ የተባለውን መስኮት ይክፈቱ፤ የጊዜ ዝርዝሮቹ እንዲመዘገቡ መርጠው ልኬቱን ካስጀመሩ በኋላ ፕሮግራሙን ጥቂት ደቂቃ ያሠሩት። ዲያግራም የሚለው ዓምድ ለብሎክ ዲያግራሙ (በሽቦ ለተያያዘው የፕሮግራሙ ክፍል) ሥራ፣ ዲስፕሌይ የሚለው አዳዲስ እሴቶችን ወደ ማሳያዎቹ ለማድረስ፣ ድሮው የሚለው ደግሞ ፓነሉን (ኦፕሬተሩ የሚያየውን ገጽ) ለመሳል የወሰደውን ጊዜ ያሳያል። በልኬቱ ወቅት የአምፖል ምልክት ያለው ሃይላይት ኤግዚኪዩሽን መጥፋቱን ያረጋግጡ፤ ዳታው በሽቦዎቹ ላይ ሲጓዝ ስለሚያሳይ ፕሮግራሙን እጅግ ያዘገየዋል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው የፕሮፐርቲ ኖድ (እንደ ቀለምና ቦታ ያሉ የማሳያ ባሕርያትን የሚቀይር የዲያግራም ክፍል) አጠቃቀም ነው። 8 ቧንቧዎች ያሉት፣ እያንዳንዱም ቧንቧ ከ5 ቁራጮች የተሠራ ፓነል እንውሰድ። ፕሮግራመሩ በየ50 ሚሊሰከንዱ የ40ዎቹን ቁራጮች ቀለም በፕሮፐርቲ ኖድ ቢቀይር በሰከንድ 800 ጥሪ ይሆናል። ፕሮፐርቲ ኖድ የሚሠራው ፓነሉን በሚስለው የዩዘር ኢንተርፌስ ትሬድ (ሥራዎችን ተራ በተራ የሚያከናውን የሥራ መስመር) ውስጥ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ጥሪ ከስዕሉና ከኦፕሬተሩ ክሊክ ጋር ለአንድ በር ይሰለፋል። በአንጻሩ ወደ ማሳያው ተርሚናል (ማሳያው በዲያግራሙ ላይ ወዳለው መገናኛ) በቀጥታ የተጻፈ እሴት በጊዜያዊ ማኅደር ተቀምጦ ትሬዱ ሲደርስለት ይሳላል፤ ዲያግራሙ ስዕሉን ቆሞ አይጠብቅም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ቧንቧ የእንቅስቃሴ ደረጃዎች አስቀድመው በስዕል አዘጋጅተው በፒክት ሪንግ (በተሰጠው ቁጥር መሠረት ከስዕሎቹ አንዱን በሚያሳይ ማሳያ) ውስጥ ያስገቡ፤ ከዚያ በኋላ ቧንቧውን ለማንቀሳቀስ አንድ ቁጥር ወደ ተርሚናሉ መጻፍ ይበቃል። በሰከንድ 10 ጊዜ ቢታደስ እንኳ ሥራው በሰከንድ 80 ጊዜ ቁጥር ወደ መጻፍ ይወርዳል፤ ፍሰትን ለማሳየት ደግሞ ይህ ፍጥነት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

የስዕሎቹን ብዛት ሲወስኑ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎች የፍሰቱን ፍጥነት ለማሳየት የሉፑን (ሥራውን በየዙሩ የሚደጋግመው ክፍል) የጥበቃ ጊዜ ያሳጥራሉ፤ ይህ ግን የስዕሉን ሸክም ከፍሰቱ ጋር አብሮ ያሳድጋል። የሚሻለው የሉፑን ጊዜ በ100 ሚሊሰከንድ አጽንቶ፣ በእያንዳንዱ ዙር የሚዘለሉትን ስዕሎች ቁጥር መቀየር ነው። ሆኖም ተከታታዩ 4 ስዕሎች ብቻ ካሉት፣ በ2 መዝለል አቅጣጫ የሌለው ብልጭታ ይሆናል፤ በ3 መዝለል ደግሞ ለዓይን ወደ ኋላ የሚፈስ ያስመስለዋል። ኦፕሬተር በተሳሳተ አቅጣጫ ከሚመራ ምስል የቆመ ምስል ይሻለዋል። 8 ስዕሎች ካሉዎት እስከ 3 ድረስ በደህና መዝለል ይቻላል። ፍሰት በሌለበት ቧንቧ ላይ ምንም አይጻፍ፤ የቀድሞውን ቁጥር በሺፍት ሬጅስተር (እሴትን ከአንድ ዙር ወደ ቀጣዩ በሚያሻግር) ይዘው ከአዲሱ ጋር ያወዳድሩ፤ ለውጥ ከሌለ ኬዝ ስትራክቸሩ (እንደ ሁኔታው ከአማራጮች አንዱን የሚያሠራው ክፍል) ቁጥር መጻፉን ይዝለለው።

ቀለምን ወይም ቦታን በፕሮፐርቲ ኖድ መቀየር የግድ ሲሆን፣ ዲፈር ፓነል አፕዴትስ የተባለውን የፓነል ፕሮፐርቲ አስቀድመው ትሩ ያድርጉት፤ ለውጦቹን ሁሉ ካከናወኑ በኋላ ፎልስ ሲያደርጉት ፓነሉ የተጠራቀሙትን ለውጦች በአንድነት ይስላል። እዚህ ላይ እኔም አንድ ጊዜ የወደቅሁበት ስሕተት አለ። የኤረር ሽቦውን (የስሕተት መረጃን ከኖድ ወደ ኖድ የሚያሻግረውን) በሁሉም ኖዶች ውስጥ አሳልፌ ስለነበር፣ መካከል ላይ ኤረር ሲፈጠር ፎልስ የሚያደርገው ኖድ ሳይሠራ ቀረ፤ ፓነሉም ደርቆ ቀረ፤ እኔ ግን ሴንሰሩን ስመረምር ዋልኩ። ስለዚህ ወደ መጨረሻው ኖድ ኤረር አያስገቡ፤ ቅደም ተከተሉን በሪፈረንስ ሽቦው (የፓነሉን መለያ ከኖድ ወደ ኖድ በሚያሻግረው) ወይም በሲኩዌንስ ስትራክቸር (ሥራዎችን በተራ በሚያሠራ ክፍል) ይጠብቁ።

መለኪያውን የሚያነበው ሉፕ ምስሉን ከሚያንቀሳቅሰው ሉፕ ጋር አንድ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው በራሱ ፍጥነት አንብቦ የቅርቡን እሴት በኖቲፋየር ይላክ፤ ሁለተኛው በየ100 ሚሊሰከንዱ ይቀበል። ኖቲፋየር የመጨረሻውን መልእክት ብቻ ስለሚይዝ ለምስል ተስማሚ ነው፤ በፋይል የሚመዘገብ ዳታ ግን አንዱም እንዳይጠፋ በኪዩ (መልእክቶችን ሁሉ በተራ በሚይዝ ሰልፍ) መሄድ አለበት።

በመጨረሻ ፓነሉን በዓይንዎ ይቃኙት። በቧንቧው ላይ የተደረበ ጽሑፍ፣ ግልጽ ሳጥን ወይም ጌጥ ካለ፣ ቧንቧው በታደሰ ቁጥር ያ ነገር አብሮ ይሳላል። ጽሑፉን ከቧንቧው ጎን ያውርዱት፤ ከዚያም ልኬቱን ደግመው ድሮው በሚለው ዓምድ ሥር የመጣውን ልዩነት ይመልከቱ።